በሒሳብ ደብተር ያልሰፈረው ሥራ፦ ሕፃናትን ያነቃቁ ሴቶች አጭር ታሪክ



«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል በየቤታችን ይነገራል። ኑሮ የከበዳትን እናት ስለሚያጽናና እኔም አልነቅፈውም። ሆኖም ልጅ ከዕድሉና ከወተቱ ሌላ የሚያድግበት ነገር እንዳለ ባለፉት 90 ዓመታት ገደማ በተለያዩ አገሮች በጥናት ታይቷል። እሱም ሕፃኑ ገና አፉን ሳይፈታ ከሚያሳድገው ሰው ጋር የሚያደርገው መሳሳቅ፣ መነጋገርና መጫወት ነው። ባለሙያዎች «የቅድመ ልጅነት ማነቃቃት» ይሉታል። ቃሉ ከበድ ቢልም ነገሩ ቀላል ነው፤ ሕፃኑ ድምፅ ሲያወጣ መመለስ፣ ሲያይ ያየውን በስሙ መጥራት፣ ሲዘረጋ የሚይዘው ነገር መስጠት ማለት ነው።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ገቢና ወጪ ማየት ልማዴ ነው። የዚህን ጉዳይ ታሪክ ስከታተል በጣም የገረመኝም በደብተር ያልሰፈረው ነገር ነው። ሕፃናት ከሰው ምን እንደሚፈልጉ ለዓለም ያሳዩት ሴቶች አብዛኞቹ ስማቸው እንኳ አልተመዘገበም። ከእነሱ ውስጥ በተቋም ተዘግቶባቸው የኖሩ፣ እስር ላይ የነበሩ፣ ትምህርታቸው ብዙም ያልገፋ የሰፈር የጤና ረዳቶች ይገኙበታል። ምሁራኑ የለኩት የእነዚህን ሴቶች ሥራ ነው። ይህን ታሪክ ለእናንተ ማካፈል የፈለግሁትም እኛም ዛሬ በየቤታችን ያንኑ ሥራ ስለምንሠራ፣ ለሥራውም የምናገኘው ጊዜ ከዓመት ዓመት እያነሰ ስለመጣ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአይዋ ሁለት ሕፃናት

ታሪኩ በ1930ዎቹ በአሜሪካ አይዋ ግዛት ይጀምራል። በዚያ ዘመን የብዙ ምሁራን እምነት የሰው አእምሮ ሲወለድ በተሰጠው ልክ ይቀራል የሚል ነበር። ዳቨንፖርት በምትባል ከተማ በነበረ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሕፃናቱ ይመገቡ ነበር፤ ይታጠቡም ነበር። ነገር ግን የአልጋቸው ጎን በአንሶላ ስለሚሸፈን ከጣሪያው በቀር የሚያዩት አልነበረም። ሠራተኞቹም ጥቂት ስለነበሩ ወደ ሕፃን የሚጠጉት በሰዓቱ ለማጥባትና ለመቀየር ብቻ ነበር።

ከእነዚህ ሕፃናት መካከል አንዷ የ13፣ ሌላዋ የ16 ወር ሴት ልጆች በጣም ወደኋላ የቀሩ ሆነው ተገኙ። ማንም በማደጎ አይወስዳቸውም ተብሎ የአእምሮ ዝግመት አለባቸው የተባሉ አዋቂ ሴቶች ወደሚኖሩበት ተቋም ተላኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሃሮልድ ስኪልስ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ተቋሙን ሲጎበኝ ሁለት ንቁ፣ ተጫዋች ሕፃናት አየ። እነማን እንደሆኑ ሲጠይቅ እነዚያው ሁለቱ ነበሩ።

ምን ተገኘ? መድኃኒት አልተሰጣቸውም፣ ልዩ ትምህርትም አልገቡም። በክፍሉ የሚኖሩት ሴቶች ሕፃናቱን እንደ ልጆቻቸው ወሰዷቸው። አቀፏቸው፣ አነጋገሯቸው፣ ዳዴ አስባሏቸው። ሠራተኞቹም በበኩላቸው መጫወቻ እየገዙ፣ ወደ ውጭ እያወጡ ያንሸራሽሯቸው ጀመር። ዓለም «አእምሮ የላቸውም» ብሎ የዘጋባቸው ሴቶች የሁለት ሕፃናትን አእምሮ ከፈቱ።

ስኪልስ ሌሎች ሕፃናትም በዚሁ መንገድ እንዲላኩ አደረገ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጋር 13 ሆኑ። በማሳደጊያው የቀሩ ሌሎች 12 ሕፃናት ደግሞ ለማነጻጸሪያ ተያዙ። በ1939 ከባልደረባው ከሃሮልድ ዳይ ጋር ያወጣው ውጤት እንዲህ ነበር፦ ወደ ሴቶቹ የተላኩት ሕፃናት በአእምሮ መለኪያው በአማካይ 27 ነጥብ ያህል ጨመሩ፤ በማሳደጊያው የቀሩት 26 ነጥብ ያህል ቀነሱ። በዘመኑ ታላላቅ የሚባሉ ምሁራን ግን ጥናቱን አጣጣሉት፤ ለዓመታትም ችላ ተባለ።

ስኪልስ ልጆቹን ካደጉ በኋላ ፈልጎ አግኝቶ በ1966 የመጨረሻውን ዘገባ አወጣ። ከ13ቱ ሁሉም ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር፤ 11ዱ በማደጎ ቤተሰብ አግኝተው ነበር ያደጉት፤ ትምህርታቸውም አማካዩ 12ኛ ክፍል ነበር። ከ12ቱ አንዱ በተቋም ውስጥ እያለ በወጣትነቱ ሞቷል፤ 4ቱ አሁንም በተቋም ይኖሩ ነበር፤ የትምህርታቸው አማካይ ከ3ኛ ክፍል በታች ነበር።

ስኪልስ ወጪውንም አስልቶት ነበር፤ ለእኔ ለሒሳብ ሠራተኛዋ እዚህ ላይ ዘገባው ይበልጥ ተናገረኝ። ግዛቲቱ ለ13ቱ ያወጣችው በጠቅላላው 30 ሺህ 700 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ለ12ቱ ያወጣችው ከ138 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ያልታቀፉት ልጆች በቁጥር አንሰው በወጪ ከአራት እጥፍ በላይ በለጡ። ሕፃናቱን ያቀፉት ሴቶች የተከፈላቸው ገንዘብ ግን በዚያ ሒሳብ ውስጥ አይገኝም። አልተከፈላቸውማ! ሕፃናቱ በማደጎ ሄዱ፤ ያሳደጓቸው ሴቶች እዚያው ተዘግቶባቸው ቀሩ።

የታሰሩት እናቶች

ሁለተኛው ታሪክ የሬኔ ስፒትዝ ነው። ስፒትዝ በቪየና የተወለደ ሐኪም ሲሆን በ1945 ባወጣው ጽሑፍ ሁለት ቦታዎችን አነጻጸረ። አንደኛው የተጣሉ ሕፃናት የሚያድጉበት ቤት ነው። ንጽሕናው የተጠበቀ፣ ሐኪም የሚጎበኘው ቤት ነበር። ነገር ግን ለ45 ሕፃናት አንዲት ዋና ነርስና 5 ረዳቶች ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው ቦታ የታሰሩ ወጣት ሴቶች የሚኖሩበት ማረሚያ ቤት ሲሆን፣ እዚያ የወለዱ እናቶች ልጆቻቸውን በየቀኑ ራሳቸው ይንከባከቡ ነበር።

ሰው በግምት ቢጠየቅ ንጹሑን ቤት ይመርጥ ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በማረሚያ ቤቱ ያሉት ሕፃናት በመልካም አደጉ። በንጹሑ ቤት ከተከታተላቸው 91 ሕፃናት 34ቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ሞቱ። ከሞት የተረፉት ብዙዎቹ መራመድም ሆነ መናገር ዘገየባቸው። የስፒትዝ የአጠናን ዘዴ በኋላ ጊዜ ብዙ ትችት ቀርቦበታል፤ የትኛው ሞት በበሽታ፣ የትኛው በብቸኝነት እንደመጣ መለየት ከባድ ነው። ያም ሆኖ ጽሑፉ ሆስፒታሎችና ማሳደጊያዎች እናትን ከልጇ መለየትን እንደገና እንዲያዩት ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ሆነ።

እስረኛ እናት ምን ነበራት? ነፃነት የላት፣ ገንዘብ የላት፣ ስሟም ጎድፏል። የነበራት ጊዜ ነው፤ ልጇም በየቀኑ የሚያየው አንድ የሚታወቅ ፊት ነበረው።

ጃማይካ፦ በሳምንት አንድ ሰዓት

እስካሁን የተነገረው በማሳደጊያ ስላሉ ሕፃናት ነው። ከእናታቸው ጋር በድህነት የሚያድጉትስ? ይህን ጥያቄ ከማንም በተሻለ የመለሰችው ትንሿ የካሪቢያን ደሴት ጃማይካ ናት።

ሳሊ ግራንታም ማክግሬገር የተባሉት ሐኪም በዋና ከተማዋ በኪንግስተን፣ በዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ ነበር። በ1970ዎቹ በከባድ የምግብ እጥረት ሆስፒታል የገቡ ሕፃናትን ሲከታተሉ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሕፃናቱ ክብደታቸው ተመልሶ ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ አእምሯቸው ግን እኩዮቻቸውን አይደርስም። ስለዚህ በሆስፒታል ማጫወት፣ ከወጡ በኋላም በየቤታቸው እየሄዱ መጎብኘት ተጀመረ። ለውጥም ታየ።

በ1986 እና 1987 ሥራው ሰፋ። ከኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ፣ የቀነጨሩ 129 ሕፃናት ተመረጡና በዕጣ በ4 ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በየሳምንቱ አንድ ኪሎ የሕፃናት ዱቄት ወተት ያገኛል። ሁለተኛው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት የማጫወት ጉብኝት ያገኛል። ሦስተኛው ሁለቱንም ያገኛል። አራተኛው ሁለቱንም አያገኝም። ይህ ለሁለት ዓመት ቀጠለ። ወተትም ሆነ ጨዋታ የማያገኙትን ሕፃናት ጨምሮ ሁሉም ቤት በየሳምንቱ እየተሄደ የሕፃናቱ ጤና ይጠየቅ ነበር። ስለዚህ ለውጥ ከታየ «ሰው ስለጎበኛቸው ነው» ማለት አይቻልም።

ጉብኝቱን የሚያደርጉት ሐኪሞች ወይም መምህራን አልነበሩም። ትምህርታቸው ብዙም ያልገፋ፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ የጤና ረዳት ሴቶች ነበሩ። በእኛ አገር ቢሆን የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንን የሚመስሉ ናቸው። ይዘውት የሚሄዱት መጫወቻ የሚሠራው ከባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከክዳን፣ ከካርቶን፣ ከቁራጭ ጨርቅ ነው። የሳምንቱን መጫወቻ ቤት ትተው ያለፈውን ይዘው ይመለሳሉ። ዋናው ነገር ግን መጫወቻው አልነበረም። ጎብኚዋ ከሕፃኑ ጋር የምትጫወተው እናቲቱ እንድታይና እንድትቀጥል ነው። ስታጥቢው የአካሉን ክፍል ጥሪለት፣ ስታበስዪ የምትይዢውን ንገሪው፣ ሲሞክር አመስግኚው ትላታለች። እናቲቱንም ራሷን ታመሰግናታለች፤ ማንም አመስግኗት ለማያውቅ እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ1991 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ወተቱም ጨዋታውም ሕፃናቱን ጠቅመዋል። ሁለቱን ያገኙት ደግሞ ካልቀነጨሩ እኩዮቻቸው ጋር ሊደርሱ ተቃርበው ነበር። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ «ሁለቱም እኩል ናቸው» እንል ነበር። አጥኚዎቹ ግን ልጆቹን አልተዉአቸውም፤ በ7፣ በ11፣ በ17 እና በ22 ዓመታቸው እየፈለጉ አገኟቸው። የወተቱ ጥቅም ከዓመታት ጋር እየደበዘዘ ሄደ። የጨዋታው ጥቅም ቆየ። በ17 ዓመታቸው የጭንቀትና የድብርት ስሜታቸው ያነሰ፣ በ22 ዓመታቸውም በጠብና በድብድብ ውስጥ የመግባታቸው ነገር የቀነሰ ሆነ።

በ2014 የታተመው ጥናት የኢኮኖሚ ሊቃውንትን፣ የኖቤል ተሸላሚውን ጄምስ ሄክማንንም ጨምሮ የተሠራ ነው። ወደ ሌላ አገር የተሰደዱትን ሳይቀር ተከታትለው 105ቱን አገኙ። በሕፃንነታቸው የማጫወት ጉብኝት ያገኙት ካላገኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው፤ ካልቀነጨሩት እኩዮቻቸውም ጋር ገቢያቸው ተስተካክሎ ነበር። ዕድሜያቸው 31 ሲደርስ ደግሞ በሰዓት የሚከፈላቸው 43 በመቶ በልጦ ተገኘ።

እስቲ በእኛ ሒሳብ እናስላው። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት፣ 104 ሰዓት ይሆናል። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው 13 የሥራ ቀን ማለት ነው። በ13 የሥራ ቀን ሌላ ምን ሥራ ነው ከ30 ዓመት በኋላ ትርፍ ሲከፍል የሚታየው? እርግጥ ነው፣ ትርፉን ያመጣው ያ ሰዓት ብቻውን አይደለም። ሰዓቱ ዘር ነበር፤ በቀሪዎቹ ስድስት ቀናት ያበቀለችው እናት ናት። የእሷ ሰዓት ግን በጥናቱ ወጪ ውስጥም አልተቆጠረም።

አሠራሩ በኋላ ወደ ኮሎምቢያ፣ ባንግላዴሽና ፔሩ ተሻግሯል። በኮሎምቢያ ጎብኚዎቹ የተመረጡት በመንግሥት የድጎማ ፕሮግራም ውስጥ ካሉት እናቶች መካከል ነበር።

ጊዜው ለምን ይገደዋል?

«ቀደም ብሎ» የሚለው ቃል ለምን እንደተጨመረ የሮማኒያ ታሪክ ያሳያል። በ1966 የቻውሼስኩ መንግሥት ውርጃን ከከለከለ በኋላ ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ብዙ ሕፃናት ወደ ማሳደጊያ ገቡ። ሥርዓቱ በ1989 ሲወድቅ ዓለም ሁኔታቸውን አየ። ከ2000 ጀምሮ በቡካሬስት በ136 ሕፃናት ላይ ጥናት ተደረገ፤ ግማሾቹ በዕጣ ወደ ሠለጠኑ አሳዳጊ ቤተሰቦች ተላኩ። በቤተሰብ ያደጉት ተሻሻሉ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት በብዙ ነገር የተሻለ ውጤት አገኙ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጅ 3 ዓመት ሲሞላው አንጎሉ ከአዋቂ ሰው አንጎል መጠን 80 በመቶ ያህሉን ደርሷል። በእነዚህ ዓመታት የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በተደጋጋሚ የሠራው መስመር ይጠነክራል፣ ያልሠራው ይከስማል። ሕፃኑ «አጉ» ሲል «አጉ» ብሎ የሚመልስለት ሰው ካለ የቋንቋው መስመር ሥራ አገኘ ማለት ነው። ማንም ካልመለሰለት ከጊዜ በኋላ እሱም ይተወዋል። ይህ ማለት ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በሩ ይዘጋል ማለት አይደለም። ልጅ ሁልጊዜ ይማራል፤ የሚለያየው ድካሙ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የጃማይካ ታሪክ ስለዚህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ለከባድ የምግብ እጥረት ሕክምና ባወጣው መመሪያ ከ10ሩ እርምጃዎች 9ኛው ሕፃኑን ማጫወትና ፍቅር መስጠት ነው። በጅማም የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከባድ የምግብ እጥረት ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን ከቤተሰባቸው ጋር በጨዋታ የማነቃቃት ሥራ ሞክረው ውጤቱን አሳትመዋል።

ደግሞም ከባዶ አንጀምርም። ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ገበያውንም ለቅሶውንም ሲያይ መዋሉ፣ እሹሩሩ እየተባለ መተኛቱ፣ አራስ ጥየቃ የመጣው ሁሉ ተቀባብሎ ማቀፉ፣ አያት እሳት ዳር እያጫወቱ ማዋላቸው፣ እነዚህ ሁሉ ማነቃቃት ናቸው። እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁ ሥራውን ያውቁታል። የአይዋው ሕፃን ከጣሪያ በቀር የሚያየው አልነበረውም፤ በአንቀልባ የታዘለ ልጅ ግን ሰፈሩን ሁሉ ያያል።

ችግሩ ኑሯችን መለወጡ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ታገኛለች። ከዚያ በኋላ ሥራ ትገባለች። ጉልት የምትቸረችረው፣ እንጀራ ጋግራ የምታስረክበው፣ በቀን ሥራ የምታድረው እህታችን ግን ይህም ፈቃድ የላትም። ልጁን የምትይዘው አንዳንዴ አያት ናት፤ ብዙ ጊዜ ግን ከገጠር የመጣች፣ ራሷም ልጅነቷን ያልጨረሰች ሠራተኛ ናት። ለእሷ «ልጁን አጥቢ፣ አብዪ፣ አስተኚ» እንላታለን። «አጫውቺው፣ አነጋግሪው» የምንላት ስንቶቻችን ነን? ልብሱ ሳይታጠብ ቢገኝ እንቆጣለን፤ ከልጁ ጋር ስትስቅ ብናገኛት ግን ሥራ እንደፈታች እንቆጥረዋለን። ልጁ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ዝም ካለም «ጨዋ ልጅ» እንለዋለን። ቴሌቪዥን ግን ለሕፃን «አጉ» ብሎ አይመልስለትም።

ይህን የምጽፈው እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ታሪኩ የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው። በጃማይካ የሰፈር እናቶች ብቻቸውን አልተተዉም፤ በየሳምንቱ በር የምታንኳኳ ሴት ነበረቻቸው። እናት ፍቅር አጥታ አይደለም፤ ጊዜ፣ ዕረፍትና «ይህ የምትሠሪው ሥራ ነው» የሚላት ሰው አጥታ ነው።

እኛ ማኅበር ነን። እቁብ እንሰበስባለን፣ ለሐዘን እንደርሳለን፣ ለንግድ ብድር እንሰጣለን። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በአባሎቻችን ቤት 3 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ ቀን ቀን ማን እንደሚይዛቸው እንመዝግብ። ያልተቆጠረ ነገር በጀት አያገኝም። ለዚህ መዝገብ እኔ ራሴ ፈቃደኛ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ልጆቻቸው አድገው ጊዜ ያገኙ እናቶቻችን ጥንድ ጥንድ ሆነው በሳምንት አንድ ሰዓት አራስና ጨቅላ ያላቸውን እህቶች ይጎብኙ። የምንጠይቀው እናቲቱን ብቻ አይሁን፤ ልጁን የምትይዘውም ሠራተኛ ትቀመጥ፣ ትመስገን። መጫወቻው ከባዶ ጠርሙስና ከካርቶን ይሠራል፤ ማኅበሩን ብዙ አያስወጣም።

ሦስተኛ፣ የብድር ኮሚቴያችን ለቀን የልጆች መዋያ የሚሆን ብድርን እንደ ማንኛውም የንግድ ብድር ይመልከተው። የጋራ ክፍል ተከራይተው፣ ሁለት ሠራተኛ ቀጥረው ልጆቻቸውን በጋራ ማዋል የሚፈልጉ አባላት ካሉ ያዋጣቸዋል ወይስ አያዋጣቸውም የሚለውን በቁጥር እናየዋለን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በአይዋ ሴቶቹ ሕፃናቱን ያነቁት ተቀባብለው ነው። እኛ ደግሞ ተዘግቶብን የለም። ስማችን የተጻፈበት መዝገብ አለን፣ የምንገናኝበት ቀን አለን። ይህ ሥራ በዚሁ መዝገብ ላይ የራሱ መስመር ይኑረው።